«ይፈቀድለት ወይ?» እያለ ለሚጠይቀኝ ኮምፒውተር ምን ልመልስ? የሰው ወረቀት ያለበት ማሽን ነው

የቱሉ ዲምቱ ጽሕፈት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ካሉት ሱቆች በአንዱ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። ሁለት ኮምፒውተር አለኝ፤ አንዱ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ዴስክቶፕ፣ ሌላው ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ ያገለገለ ማክቡክ። ሰሞኑን ሁለቱም ጥያቄ ያዥጎደጉዱብኛል። ምን እንደተጠየቅኩ ሳይገባኝ መመለሱ ሰልችቶኛል፤ ፈርቻለሁም።

አንደኛው፦ ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ በኩል ከታች ጥግ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተይዟል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» እንደማለት ነው። በቀን ሠላሳ ጊዜ ትመጣለች ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛው፦ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ገና ሱቁን እንደከፈትን «ፋይርዎል የዚህን ፕሮግራም አንዳንድ ሥራዎች አግዷል» የሚል መስኮት መጣ። የፕሮግራሙን ስም ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ወረፋው በር ደርሶ ስለነበር ረዳቴ «አሎው» ብላ አለፈችው። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር።

ሦስተኛው፦ ማኩ ላይ ለሰፈር ልጆች የኮምፒውተር ትምህርት የምቀዳበት የስክሪን መቅጃ አለ። ስጭነው አንዴ ፈቅጄለታለሁ። እሱ ግን ወር እየጠበቀ ስክሪኔንና ድምፄን ማግኘቱ ይቀጥል እንደሆነ መልሶ ይጠይቀኛል። ተበላሽቶ ይሆን?

ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። ደንበኞቼ ወረቀታቸውን የሚልኩልኝ በቴሌግራም ነው። የፋይዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሆስፒታል ሪፈር፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የቤት ሽያጭ ውል። እዚያ ኮምፒውተር ላይ የእኔ የሆነ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፈቃጇ ግን እኔ ነኝ።

የአራብሳ ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

አይዞሽ እህቴ። እኔ ቦሌ አራብሳ ነኝ፤ አንድ ላፕቶፕ አራት ዓመት ስጠቀም የመጣውን ሁሉ ዬስ እያልኩ ነው ያለፍኩት፣ ምንም አልደረሰብኝም። ካስቸገረሽ ፋይርዎሉን ራሱን አጥፊው፣ ጥያቄው ይቀርልሻል።

ኬብልና ሶኬት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ፋይርዎሉን እንዳታጠፊ እባክሽ፤ ከውጭ ወደ ኮምፒውተርሽ የሚመጣውን የሚያግደው ጠባቂ እሱ ነው። ወንድሜ በቅንነት ነው የመከረው፤ ግን እሱ ላፕቶፕ ላይ ያለው የራሱ ፋይል ነው፣ አንቺ ጋ ያለው የሰፈሩ ሁሉ ነው። እኔ ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው፤ እነዚህ መስኮቶች የዘወትር ሥራዬ ናቸው።

መስኮት ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚታየው የሚናገረው ማን እንደሆነ ነው። ዊንዶውሱ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ የተጫነ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፣ በብራውዘር በኩል የገባ ድረ ገጽም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ስክሪኑ ላይ በጣም ይመሳሰላሉ።

«ቫይረስ አለ» የምትልሽ መስኮት ዊንዶውስ አይደለችም፣ ድረ ገጽ ናት። አንድ ቀን ፒዲኤፍ መቀየሪያ ወይም ፊልም ስትፈልጉ አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አሎው ይጫኑ» ብሏችኋል። ያ አሎው ከሮቦት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ማሳወቂያ የመላክ ፈቃድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገጹ ቢዘጋም ብራውዘሩ እስከሠራ ድረስ መልእክቱ ይመጣል። ዊንዶውስም በራሱ የማሳወቂያ ቅርጽ ስለሚያሳየው የዊንዶውስ ቃል ይመስላል። ልብ ብለሽ ካየሽ መስኮቷ ላይ የብራውዘሩን ስምና የድረ ገጹን አድራሻ በትንንሽ ፊደል ታገኚዋለሽ።

ክሮም ከሆነ የምትጠቀሚው ሦስቱን ነጥቦች ጫኚ፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። እዚያ የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር አለ፤ የማታውቂውን ሁሉ አስወጪ። እዚያው ገጾች ማሳወቂያ ለመላክ ጭራሽ እንዳይጠይቁ ማድረግም ይቻላል፤ ለሱቅ ኮምፒውተር ያ ይሻላል። መስኮቷን ግን አትንኪያት፤ «አጽዳ» የሚለው ቁልፍ የሚወስድሽ ወደሌላ ወጥመድ ነው።

ሁለተኛዋ መስኮት የዊንዶውስ ናት፤ እሷን በቁም ነገር እንያት። ብዙ ሰው «ይህ ፕሮግራም ኢንተርኔት ይጠቀም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመስለዋል። አይደለም። ከኮምፒውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣውን ዊንዶውስ አስቀድሞ ካልተከለከለ በቀር ዝም ብሎ ያሳልፋል። የተጠየቅሽው ሌላ ማሽን ከውጭ መጥቶ ሲያንኳኳ ይህ ፕሮግራም በር ይክፈትለት ወይ ተብለሽ ነው። ካንስል ብትዪ ፕሮግራሙ ወደ ኢንተርኔት መውጣቱ አይቀርም፤ የሚታገደው ከውጭ ወደ እሱ የሚመጣው ነው።

መስኮቱ ላይ «ፕራይቬት» እና «ፐብሊክ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎችም አሉ። ፐብሊክ ማለት እንደ ካፌ ያለ የማታውቂው ሰው ሁሉ የሚገባበት ኔትወርክ ነው፤ እሱን ባትፈቅጂ ይመረጣል። ፕራይቬት የሚባለው የቤትና የሥራ ቦታ ኔትወርክ ነው። እኛ ጋ ግን አንዱን ዋይፋይ ከጎረቤት ጋር መካፈል ስለተለመደ ፕራይቬት ያልነውም ያን ያህል የግል አይደለም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ እንደገባ ቁጠሪው።

አሁን የዚያን ፕሮግራም ስም ነው የምፈልገው። ፋይርዎሉ ውስጥ «አሎው አን አፕ» የሚለውን ከፍተሽ ከዝርዝሩ ፈልጊው፤ ነገ እንነጋገርበት።

የማክ ሰው ከለገጣፎ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ስለ ማኩ እኔ ልመልስ፤ ቪዲዮ ነው የማቀናብረው፣ ማክ ላይ ነው የምውለው።

መቅጃሽ አልተበላሸም። አፕል ካሜራና ማይክሮፎን የሚፈልግ ፕሮግራም ባለቤቱን እንዲጠይቅ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሞሃቬ በሚባለው የማክ ሥርዓት ነው። በ2019 ቀጣዩ ሥርዓት ካታሊና ሲመጣ ስክሪን መቅዳት፣ ኪቦርድ ማዳመጥ፣ ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ዳውንሎድስ ፎልደሮችን መክፈትም በፈቃድ ሆኑ። በ2024 የወጣው ሴኮያ ደግሞ አንዴ ስክሪን እንዲቀዳ የተፈቀደለትን ፕሮግራም እያስታወሰ «አሁንም ይቀጥል?» ማለት ጀመረ። በሙከራው ጊዜ በየሳምንቱ ነበር የሚጠይቀው፤ ተጠቃሚው ሲያማርር ወደ ወር አደረጉት።

እኔ ራሴ በየወሩ መጠየቁ ሥራ ያቋርጥብኛል፤ ግን ጥያቄው ይጥፋ አልልም። ማይክሮፎን የሚወስደው ድምፅ ነው፣ ካሜራም የሚያየው ፊትሽን ነው። ስክሪን የሚቀዳ ፕሮግራም ግን በዚያ ሰዓት የተከፈተውን ሁሉ ያያል፤ ያንን የፍቺ አቤቱታም፣ የባንክ ገጽሽንም። ትምህርቱን ቀድተሽ ስትጨርሺ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብተሽ ፈቃዱን አንሺበት፤ በሚቀጥለው ስትፈልጊው መልሰሽ ትሰጪዋለሽ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስለዚህ ልብ በሉት። የማክ መስኮት ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። በደማቁ «እገሌ የተባለው ፕሮግራም ካሜራውን መጠቀም ይፈልጋል» የሚለው የማኩ የራሱ ቃል ነው። ካሜራና ማይክሮፎን ሲጠየቅ ከሥሩ በቀጭን ፊደል የሚሰፍረው ምክንያት ግን ፕሮግራሙን የሠራው ሰው የጻፈው ነው። ማኩ የሚያስገድደው ምክንያት እንዲሰጥ ነው፤ በተባለው ነገር ላይ ብቻ እንዲውል ግን አይቆጣጠርም። ስለዚህ ቀጭኑን ጽሑፍ እንደ ሰው ቃል አንብቡት። «ለቪዲዮ ጥሪ ካሜራ እንፈልጋለን» የሚለው ገብቶኛል። «ለተሻለ አገልግሎት» ብቻ ብሎ ያለፈ ለእኔ ምክንያት አልሰጠኝም፣ እኔም ፈቃድ አልሰጠውም።

የአራብሳ ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ስለ ፋይርዎሉ የሰጠሁትን ምክር አንስቻለሁ፤ ከውጭ ስለሚመጣው አላውቅም ነበር።

ስለ ማኩ አንድ ጥያቄ። ጓደኛዬ በዙም ክፍል ሲገባ መምህሩ ድምፁን አይሰማም። ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ጫነው፣ አልሆነም። ፈቃድም አይጠይቀውም።

የማክ ሰው ከለገጣፎ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡32

የማይጠይቀው አንዴ «ዶንት አሎው» ስላለው ነው። ማክ እምቢታን ይመዘግባል እንጂ ደጋግሞ አይለምንም። እዚያው ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ማይክሮፎን የሚለውን ይክፈት፣ ከዙም ፊት ያለውን ማብሪያ ያብራው፣ ዙምን ዘግቶ እንደገና ይክፈተው።

ጡረተኛው መምህር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ሥነ ዜጋ ግን ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁና በዚያ በኩል አንድ ነገር ልበል።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል፤ የሰው ደብዳቤውና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሌላ ሰው መረጃ የሚይዝ ወገን ኃላፊነት እንዳለበት ዘርዝሮ ያስቀምጣል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሕግ የባንክና የቴሌ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ይህችን ልጅ ሳነብ የተሰማኝ ዋናው ጉዳይ እሷ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ነው። መስኮቱ የሚጠይቀው እሷን ነው። የወረቀቱ ባለቤት ደግሞ ተራውን ይዞ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሟል፣ ምን እንደተጠየቀ አያውቅም።

ስለዚህ ልጄ ጭንቀትሽ ትክክል ነው። አንድ ልጠይቅሽ፤ በቴሌግራም የተላከልሽ ወረቀት ከታተመ በኋላ የት ነው የሚቀመጠው?

የቱሉ ዲምቱ ጽሕፈት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

መምህር፣ ጥያቄዎን ጠዋት አንብቤ ወዲያው ፈለግኩ። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር አለ። ከፍቼ አላውቅም ነበር። ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ የመጣው ሁሉ እዚያ ተከማችቷል፤ ከ4,000 ፋይል በላይ ነው። አንዳንዱን ፊቱን ሳይ ሰውዬውን አስታወስኩት። ፋይሎቹን ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ነው ያየኋቸው፤ ለረዳቴም ማሳየት ከበደኝ።

የማሳወቂያውን ነገር እንደተባልኩት አደረግኩ። አሥራ አንድ ድረ ገጽ ነበር የተፈቀደለት፣ አንዱንም አላውቀውም። ሁሉንም አስወጣሁ፤ ዛሬ ሙሉ ቀን አንድም «ቫይረስ» አልመጣም።

የፋይርዎሉን ፕሮግራም ስሙን ፈልጌ ሳጣራ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመቆጣጠር የሚያገለግል ነው። ከሁለት ወር በፊት ፕሪንተሩ እንቢ ብሎኝ አንድ ጠጋኝ ጠርቼ ነበር። እሱ ይሆን የጫነው? ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ነው የሚነሳው። ይኸው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ኬብልና ሶኬት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ተረጋጊ፣ በቅደም ተከተል እንሂድ። ከሩቅ መቆጣጠሪያ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ እኔም ሥራዬ ላይ እጠቀምበታለሁ፣ ጠጋኝሽም ለዚያው ብሎ ጭኖት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ አንቺ ሳታውቂ መቅረቱ ነው።

አሁኑኑ ኢንተርኔቱን ንቀይው፤ ኬብሉን አውጪ ወይም ዋይፋዩን አጥፊ። ሴቲንግስ፣ አፕስ ውስጥ ከተጫኑት ዝርዝር አግኝተሽ አስወግጂው። ከዚያ ታስክ ማኔጀር ከፍተሽ «ስታርትአፕ» የሚለው ስር ሌላ የማታውቂው ነገር አብሮ የሚነሳ መኖሩን እይ። የይለፍ ቃሎችሽን ቀይሪ፤ ግን ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ከስልክሽ። ቴሌግራም ላይም ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ብለሽ ገብተሽ የማታውቂው መሣሪያ ካለ አስወጪው።

አሁን ለሁሉም የሚሆን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ ክር ሲነበብ ዊንዶውስም እንደ ማክ ሁሉን የሚጠይቅ ሊመስል ይችላል። አይጠይቅም። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ካሜራ ብለሽ ብትገቢ ከማይክሮሶፍት መደብር የተጫኑ አፖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማብሪያ አላቸው። ከድረ ገጽ ወይም ከፍላሽ የሚጫኑት የተለመዱት ፕሮግራሞች ግን ሁሉም በአንድ ማብሪያ ስር ናቸው፤ «ዴስክቶፕ አፖች ካሜራውን ይጠቀሙ» ይበራል ወይ ይጠፋል፣ በቃ። እዚያ ዝርዝር ላይ መጨረሻ መቼ እንደተጠቀሙ ስለሚጻፍ ቢያንስ እሱን ተመልከቺ።

ስክሪንሽን ማየት፣ ኪቦርድሽን ማዳመጥ፣ ያንን የቴሌግራም ፎልደር ከፍቶ ማንበብ፣ እነዚህን አንዴ የተጫነ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ አንቺን ሳይጠይቅ ሊያደርጋቸው ይችላል። «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል መከላከያ አለ፤ እሱም የማይታወቅ ፕሮግራም ፋይልሽን እንዳይቀይርና እንዳያጠፋ ነው እንጂ እንዳያነብ አይከለክልም፤ አንቺ ካላበራሽውም አይሠራም። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ዋናው በር የመጫኛው ሰዓት ነው። ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ «ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ?» የሚለው መስኮት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው፣ እሱ ነው ትልቁ ጥያቄ። ስክሪኑ የሚደበዝዘው ሌላ ፕሮግራም በአንቺ ቦታ ዬስ እንዳይጫን መስኮቱ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ነው። ከላይ ሰማያዊ ከሆነ የሠሪው ማንነት በዲጂታል ፊርማ ተረጋግጧል፤ ቢጫ ከሆነ ማን እንደሠራው አይታወቅም። ሰማያዊ ማለት ግን ደግ ነው ማለት አይደለም፣ ስሙ ታውቋል ማለት ነው። ያ ከሩቅ መቆጣጠሪያም በሰማያዊ ነው የሚያልፈው።

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከፍላሽ የምትጭኑ ሰዎች ደግሞ ያቺን ቢጫ መስኮት እያወቃችሁ ዬስ ስትሉ ምን እየሰጣችሁ እንደሆነ አስቡበት። ከዚያ በኋላ ጠያቂ የለም።

የሒሳብ ሠራተኛ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ሁሉም የተባለው ልክ ነው፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። እኔ ሰበታ አንድ ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ፤ የወሩ መጨረሻ ላይ አሥር መስኮት ቢመጣ አሥሩንም አላነብም። ይህች እህት ባንኮኒው ላይ ስምንት ሰው ቆሞ፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል ብላ እየፈራች፣ ቀጭን ፊደል ታንብብ? ጥያቄ የሚያበዛ ማሽን ሰው ሳያነብ እንዲፈቅድ ነው የሚያለማምደው። ጥፋቱን ተጠቃሚው ላይ ብቻ አትጫኑ።

ኬብልና ሶኬት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡50

እሱማ እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ፋብሪካ ውስጥም የማየው ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚጫነው ደማቁን ቁልፍ ነው።

ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ሁለት ነው። አንደኛው ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ማታ ወይም እሑድ፣ ቁጭ ብሎ ሁሉንም አስቀድሞ መወሰን ነው፤ ማሳወቂያውን መዝጋት፣ ካሜራውን መዝጋት፣ የማያስፈልገውን ፕሮግራም ማስወገድ። ያኔ በሥራ ሰዓት የሚመጣው መስኮት ጥቂት ይሆናል፤ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ይነበባል።

ሁለተኛው፣ ረዳቷ በራሷ አካውንት ትሥራ፣ አስተዳዳሪ ባልሆነ አካውንት። ያኔ ዊንዶውስ ለመጫን ሲጠይቅ ዬስ ብቻ አይበቃም፣ የባለቤቷን የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ልጅቷም ከኃላፊነት ነጻ ትሆናለች።

ጊዜ ከሌለሽ ደግሞ ያላወቅሽውን ካንስል በዪ። ሰው እምቢ ማለት ኮምፒውተሩን ያበላሻል ብሎ ይፈራል። ካስፈለገሽ ነገ ገብተሽ ትፈቅጂዋለሽ፤ ሥራው ለአምስት ደቂቃ ነው የሚቆመው። ዛሬ ፈቅደሽለት የተላከ ፋይል ግን ነገ ፈቃዱን ብታነሺ አይመለስም።

የሒሳብ ሠራተኛ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

የአካውንቱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም በአንድ አስተዳዳሪ አካውንት ነው የምንገባው። ነገ ጉዳዩን ቢሮ ውስጥ አነሳዋለሁ።

ከሰንዳፋ መንገድ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

የዋይፋይ ጥንካሬ የሚለካ ፕሮግራም ጭኜ ያለሁበትን ቦታ ማወቅ እንደሚፈልግ ይነግረኛል። ዋይፋይና ቦታ ምን አገናኛቸው? ሊሰልለኝ ነው ብዬ ከለከልኩት፣ አሁን ምንም አያሳየኝም።

ኬብልና ሶኬት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡48

በዙሪያህ ያሉት የዋይፋይ ሣጥኖች መለያ ቁጥር አላቸው፤ የትኛው ቁጥር የት አካባቢ እንዳለ የመዘገቡ ትልልቅ የመረጃ ቋቶች አሉ። ስለዚህ ያንን ዝርዝር ያየ ፕሮግራም ጂፒኤስ ባይኖርም ያለህበትን ሰፈር ማወቅ ይችላል። ለዚህ ነው አዲሶቹ ዊንዶውስ 11ም ማክም የዋይፋይ ዝርዝርን ከቦታ ፈቃድ ጋር ያያያዙት። ዋይፋይ ለሚለካ ፕሮግራም ጥያቄው ተገቢ ነው። ሒሳብ ማሽን ቢጠይቅህ ግን እምቢ በል።

የኮምፒውተር አማርኛ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እኔም የማክ ጥያቄ አለኝ። ማኬ ላይ የጫንኩት የአማርኛ መጻፊያ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሆኜ የምጫናቸውን ቁልፎች ሁሉ መከታተል እንደሚፈልግ ይናገራል። አስደንጋጭ ነው። ልፍቀድ?

የማክ ሰው ከለገጣፎ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ይህን ፈቃድ ስትሰጥ በጣም ተጠንቀቅ፤ ግን ጥያቄው ራሱ ውሸት አይደለም። «ሰ» ለመጻፍ ምን ምን ቁልፍ እንደተጫንክ መስማት አለበት፤ አንዳንዱ መጻፊያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም የሚፈልገውም ይህንኑ ጆሮ መሆኑ ነው፤ መስኮቱ ሁለቱን አይለይልህም። የምትለየው አንተ ነህ፦ ከየት አወረድከው? ከሠሪው ከራሱ ገጽ ከሆነና ሠሪው የሚታወቅ ከሆነ ፍቀድ። ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከሰው ፍላሽ ከሆነ አጥፋውና ከዋናው ምንጭ እንደገና አውርድ። ዊንዶውስ ላይ ላላችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ቋንቋ መጨመሪያው ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ከውጭ ምንም መጫን አያስፈልግም። አቀማመጡን መልመድ ግን ጊዜ ይወስዳል።

የቱሉ ዲምቱ ጽሕፈት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ብዙ ደክማችሁልኛል።

ጠጋኙን ደውዬ አስመጣሁት። አልካደም። ፕሪንተሩ ዳግመኛ ቢቆም እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መመላለስ ሳያስፈልገኝ ከቤቴ ላስተካክልልሽ ብዬ ነው የጫንኩት አለ። ሐሙስ ዕለት ጥያቄው የመጣውም ፕሮግራሙ ራሱን አድሶ ይሆናል አለኝ። ያመንኩት ይመስለኛል። ግን «የገባሁበት ጊዜ የለም» ሲለኝ ማረጋገጫ አልነበረኝም፤ እሱም የሚያሳየኝ አልነበረውም። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። ፕሮግራሙ እኔ ቀድሜ አጥፍቼው ነበር። ከእንግዲህ ሲመጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንዲሠራ፣ የሚጭነውንም ስሙን ጽፎ እንዲተውልኝ ተስማማን።

ለረዳቴ የራሷን አካውንት ከፈትኩላት። መጀመሪያ ያላመንኳት መስሏት ከፋት፤ የይለፍ ቃሉ ለምን እንደሚጠየቅ ሳስረዳት ግን እፎይ አለች፤ ሐሙስ ያን አሎው ከተጫነች ጀምሮ ስታስብበት ነበርና።

ቴሌግራሙ ላይ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አድርጌዋለሁ። ያ ፎልደር ከእንግዲህ በየማታው ሱቅ ከመዝጋታችን በፊት ይጸዳል። ከ4,000ው ውስጥ ባለቤቶቹ ተመልሰው ይጠይቁኛል ብዬ የማስባቸው ጥቂት ነበሩ፤ ደውዬ ጠየቅኳቸው። አንዷ እናት የልጃቸውን የልደት ወረቀት «እባክሽ አቆዪልኝ፣ ዋናው ጠፍቶብኛል» አሉኝ። አትሜ ሰጠኋቸውና ከዚያ አጠፋሁት።

ጡረተኛው መምህር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡45

ልጄ፣ እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ባለፈው ጥር የጡረታ አቤቱታዬን ያስጻፍኩት ቱሉ ዲምቱ፣ ከታክሲ መውረጃው ከፍ ብሎ ባለ ሱቅ ነበር። አንቺ ትሆኚ ብዬ ከማክሰኞ ጀምሮ እያሰብኩ ነው። ከአቤቱታው ጋር የሕክምና ማስረጃዬም ነበረበት። ካለ አጥፊልኝ፤ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ።

የቱሉ ዲምቱ ጽሕፈት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

መምህር፣ እኔው ነኝ። አረንጓዴ ክላሰር ይዘው የመጡት እርስዎ ነዎት። አቤቱታውም የሕክምናውም ፋይል ነበረ፤ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጌዋለሁ። ቴሌግራም ላይ የላኩልኝንም ከሁለታችንም በኩል ሰርዤዋለሁ፤ ስልክዎ ላይ ፈልገው ቢያጡት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።